ሥርዓት ከልምጭ ወይስ ከልማድ? የጃፓን ትምህርት ቤቶች ልምድ ለአቃቂ ቃሊቲ ወላጆች ምን ይነግራል?

አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካና ማሳ ጎን ለጎን የሚታዩበት የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ከቆሙበት ብዙም ሳይርቅ አርሶ አደሩ ያርሳል፤ በአቃቂ ወንዝ ዳርም አትክልት ይለማል። በማለዳ የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅም፣ የአርሶ አደሩ ልጅም፣ በጋራ መኖሪያ ቤት ያደገው ልጅም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሰው በአንድ በር ይገባሉ። በሰልፍ ይቆማሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል፤ ከዚያም ወደየክፍላቸው ያመራሉ።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያውያን ወላጆች አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ግን ልጁ ለምን እንደሚሰለፍ ነው። ቅጣትን ፈርቶ ነው? ሌሎች ስለተሰለፉ ነው? ወይስ ሰልፉ የእርሱም እንደሆነ ስለተሰማው? ሦስቱም ልጆች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚገለጠው መምህሩ ፊቱን ያዞረ ዕለት ነው።

ስለ ተማሪ ሥርዓት ሲነሣ በዓለም ዙሪያ በቅድሚያ የምትጠቀሰው አገር ጃፓን ናት። በዚያ አገር የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲልኩ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ያያሉ። አንደኛው የሚያስቀና ንጽሕና፣ ሰዓት አክባሪነትና መተሳሰብ ነው። ሁለተኛው ከሌላው ለየት ብሎ የሚታይን ልጅ የሚያስጨንቅ የአንድ ዓይነትነት ግፊት ነው። ሁለቱ የሚመነጩት ከአንድ ሥር በመሆኑ አንዱን ብቻ አይቶ ሌላውን መተው ሙሉውን እውነት አያሳይም።

መጥረጊያ የያዘ ተማሪ

በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች በአብዛኛው ያለ ወላጅ፣ በሰፈር በሰፈር ተቧድነው በእግራቸው ይሄዳሉ። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ይመራሉ። በር ላይ ሲደርሱ የውጭ ጫማቸውን አውልቀው በየስማቸው በተዘጋጀ መደርደሪያ ያስቀምጡና የቤት ውስጥ ጫማ ያደርጋሉ። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ የዕለቱ ተረኛ ይሆናል። ክፍሉን «ተነሡ፣ እጅ ንሡ» ብሎ የሚያዘው፣ ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ የዕለቱን መዝገብ የሚሞላው እርሱ ነው። ተራው ሁሉንም ያዳርሳል፤ ጎበዙ ብቻ አለቃ፣ ደካማው ብቻ ታዛዥ ሆነው አይቀሩም።

በምሳ ሰዓት ነጭ ሽርጥና ቆብ ያደረጉ ተረኛ ተማሪዎች ምግቡን ከማዕድ ቤት አምጥተው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። መምህሩም ከልጆቹ ጋር በክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ ይመገባል። የጃፓን የትምህርት ቤት ምገባ እ.አ.አ በ1889 በያማጋታ ግዛት በሱሩኦካ ከተማ ለድኾች ልጆች ተጀመረ፤ እ.አ.አ በ1954 ደግሞ በሕግ ተደገፈ። ከምሳ በኋላ ወይም በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ተማሪዎቹ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ይዘው ክፍላቸውን፣ መተላለፊያውንና ደረጃውን ያጸዳሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች መጸዳጃ ቤትም ከዚህ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ከሒሳብና ከቋንቋ ውጭ የሚደረግ ትርፍ ሥራ አይደለም። በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ «ቶካትሱ» በሚል አጭር ስያሜ የሚታወቅ፣ የራሱ ቦታና ሰዓት ያለው የትምህርት ዘርፍ ነው። የክፍል ስብሰባ፣ የስፖርት ቀን ዝግጅት፣ የጽዳትና የምግብ ተራ ሁሉ በእርሱ ሥር ይጠቃለላሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያጸዳውን ክፍል ልጁ ራሱ አያቆሽሽም፤ ትናንት ተረኛ ሆኖ ሰልፍ ያስከበረ ልጅ ዛሬ የሌላውን ተራ ማክበር ያውቃል።

የሰልፉ ሥር

የጃፓን ትምህርት ቤት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ከጥንት ባህል የወረደ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አገሪቱ ዘመናዊ የትምህርት ሥርዓቷን ያወጀችው በሜጂ ዘመን፣ እ.አ.አ በ1872 ነው። አራት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ወደ ትምህርት ገበታ መጣ። በዚያው ዘመን ግን ትምህርት ቤቱ የጦር ሰፈር መልክ እየያዘ ሄደ። እ.አ.አ በ1886 ሞሪ አሪኖሪ የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ ወታደራዊ ሰልፍ በትምህርት ውስጥ ገባ። የወንዶቹ ባለ ኮሌታ ጥቁር ልብስ ከአውሮፓ ወታደር፣ የሴቶቹም ከባሕር ኃይል ልብስ የተቀዳ ነው። እ.አ.አ በ1890 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ቃል ተማሪዎች በአክብሮት አጎንብሰው የሚሰሙት ሆነ።

ያ መታዘዝ አገሪቱን ወደ ጦርነት ሲወስዳት «ለምን?» የሚል ድምፅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሽንፈቱ በኋላ እ.አ.አ በ1947 አዲስ መሠረታዊ የትምህርት ሕግ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም የጃፓን ምክር ቤት የ1890ውን ቃል ሻረ። በዚያው በ1947 የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ በ11ኛ አንቀጹ መምህር ተማሪን እንዳይመታ ከለከለ። ሰልፉ፣ የደንብ ልብሱና ጽዳቱ ግን ቀሩ።

የወጣ ምስማር

ጃፓናውያን «የወጣ ምስማር ይመታል» የሚል አባባል አላቸው። ከሌሎች ልቆም ሆነ ለይቶ የታየ ሰው እንደሚደቆስ የሚናገር ነው። በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፀጉር ቀለምን፣ የካልሲን ርዝመት፣ አልፎም የውስጥ ልብስን ቀለም የሚወስኑ ደንቦች ነበሩ። ጃፓናውያን ራሳቸው እነዚህን «ጥቁር ደንቦች» ይሏቸዋል።

እ.አ.አ በ2017 በኦሳካ ግዛት አንዲት ተማሪ የተፈጥሮ ፀጉሯ ቡናማ ሆኖ ሳለ በተደጋጋሚ ጥቁር እንድትቀባ መገደዷን ጠቅሳ ክስ መሠረተች። ተማሪዋ ትምህርቷን አቋርጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.አ.አ በየካቲት 2021 በሰጠው ውሳኔ ደንቡን ራሱን ሕገ ወጥ አላለም። ሆኖም ስሟ ከመዝገብ፣ መቀመጫዋም ከክፍል መነሣቱ ተገቢ እንዳልነበር ገልጾ 330 ሺህ የን ካሣ እንዲከፈላት አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የቶኪዮ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፀጉርን የግድ ጥቁር የማድረግን ጨምሮ በርካታ ደንቦችን አስቀሩ። በዚያው በ2022 የተሻሻለው የትምህርት ሚኒስቴር የተማሪዎች ምክር መመሪያም ትምህርት ቤቶች ደንባቸውን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉና ምክንያቱን እንዲያስረዱ ያበረታታል።

ግፊቱ ከፀጉር በላይ ነው። የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው እ.አ.አ በ2023 የትምህርት ዘመን 346 ሺህ 482 የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ለ30 ቀናትና ከዚያ በላይ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የራቁት በጭንቀት፣ ከሌሎች ጋር ባለመስማማት ወይም ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ፍላጎት በማጣት ነው። እ.አ.አ በ2013 ደግሞ በተማሪዎች መካከል የሚደርስን ማስፈራራትና ማግለል ለመከላከል ልዩ ሕግ ማውጣት አስፈልጓል። ድብደባም በሕግ በመከልከሉ ብቻ አልጠፋም። በ2012 መጨረሻ በኦሳካ በአሠልጣኙ በተደጋጋሚ የተመታ ተማሪ ሕይወቱን ማጥፋቱ አገሪቱን አስደንግጦ ሰፊ ምርመራ አስከትሏል።

በሌላ በኩል የሥርዓቱ ፍሬ የሚካድ አይደለም። እ.አ.አ በ2022 በ15 ዓመት ታዳጊዎች ላይ በተካሄደው «ፒሳ» የተባለ ዓለም አቀፍ ምዘና ጃፓን በሒሳብ 5ኛ፣ በንባብ 3ኛ፣ በሳይንስ 2ኛ ሆናለች። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ከዓለም የላቀ ውጤትም፣ ትምህርት ቤት የሚያስፈራው ልጅም አለ።

ኢትዮጵያና ጃፓን፦ የቆየ ቅናት

ኢትዮጵያውያን ወደ ጃፓን ማየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፏቸው ሥራዎች ዕውቀትን ፈጥና የተቀበለችውን ጃፓንን በአርአያነት አንሥተዋል። በ1923 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ፣ ዋና አርአያው የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም የልዑካን ቡድን መርተው ጃፓንን ጎብኝተዋል፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል።

ቅናቱ በቅርብ ዘመንም ተመልሷል። እ.አ.አ በ2009 በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ የ«ካይዘን» ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ፋብሪካ በሚበዛበት አቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ ብዙ ሠራተኞች «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትን ያውቃሉ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጸዳ የሥራ ቦታ አልዘለቀም። ጃፓናዊው ሠራተኛ ማዝለቅን የሚለማመደው ፋብሪካ ከገባ በኋላ ሳይሆን በሰባት ዓመቱ መጥረጊያ ይዞ ነው።

ልምጩና ሕጉ

በኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት ማክበር ረጅም ታሪክ አለው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል በኅብረት ይዜማል፤ ተማሪው ለየኔታ ይታዘዛል፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ይህ የመጨረሻው ልማድ ከጃፓኑ የተራ አመራር ጋር ይቀራረባል። በ1901 ዓ.ም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ዘመናዊው ትምህርት የራሱን ሰልፍና ደወል ይዞ መጣ። ከሁለቱም ጋር ግን ልምጭ ነበረ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂልም በወላጅና በመምህር ዘንድ ቅጣትን የአስተዳደግ ምልክት አድርጎ አኑሮታል። ማንበርከክ፣ በልምጭ መግረፍ፣ የረፈደበትን ከበር መመለስ ብዙ ጎልማሳ ዛሬም የሚያስታውሳቸው ናቸው።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ልምጭ የያዘ መምህር ልማድን እንጂ ሕግን አልያዘም።

ከሕጉም ባሻገር የልምጭ ድክመት በሥራው ላይ ይታያል። ልምጭ የሚያስተምረው የልምጩን መኖርና አለመኖር ማየትን ነው። በፍርሃት ጸጥ ያለ ክፍል መምህሩ ሲወጣ ይበጠበጣል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ሲታጎር መምህሩ በፍርሃት ለመግዛት የሚገፋፋ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የኢትዮጵያ መስፈርት ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በክፍል ሲሆን፣ ጃፓን እ.አ.አ በ2021 ባወጣችው ማሻሻያ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎቿን ወደ 35 ዝቅ ማድረግ ጀምራለች።

ኩረጃ፦ የተሳሳተው ኅብረት

ፍርሃትና ጭፍን ኅብረት ሲገናኙ ምን እንደሚያመጡ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሳይቷል። ኩረጃ በብዙ ስፍራ የግል ስርቆት መሆኑ ቀርቶ የኅብረት ሥራ ሆኖ ነበር። መልስ ያላካፈለ ጎበዝ ተማሪ ክፉ ጓደኛ ይባላል፤ ያካፈለ «ሰው» ይባላል። ልጁ በጓደኞቹ ላለመገለል ሲል ከሚያውቀው እውነት ጋር ይጣላል።

የ2014 ዓ.ም ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ አዝጋሚ ነው። ለውጤቱ ማነስ የመጽሐፍ፣ የመምህርና የቤተ ሙከራ እጥረት፣ በብዙ አካባቢም ግጭት ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ለዓመታት ቁጥጥር ሲጠብቅ ብቻ የሚታይ ሥርዓት ተማሪው ውስጥ አለመግባቱን ቁጥሩ ይመሰክራል።

ቡድን ማደራጀትም በራሱ መፍትሔ አልሆነም። ባለፈው ዐሥርት ዓመት በትምህርት ቤቶች «አንድ ለአምስት» የተባለ አደረጃጀት ተዘርግቶ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ደካሞቹን እንዲያግዝ መታሰቡ መልካም ነበር። ሆኖም አደረጃጀቱ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ከፖለቲካ ጋርም ስሙ የተያያዘ በመሆኑ በብዙ ቦታ ቅጽ ከመሙላት አላለፈም። ከጃፓኑ ጋር ያለው ልዩነት ተራው ነው፤ መሪነቱ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ሲቀር የአለቃና የጭፍራ ግንኙነት ይሆናል፤ ሲዘዋወር ግን ኃላፊነት ይሆናል።

የሚጠይቅ ልጅ ዋጋ

ሥርዓት የሚወድ ወላጅ አንድ ነገር ማስታወስ ይኖርበታል። በየካቲት 1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። አብዛኞቹ በጥብቅ የትምህርት ቤት ሥርዓት ያደጉ ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ዘመን ብዙ ደም ያፈሰሰ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የአርሶ አደሩ ጥያቄ ከተማ ውስጥ የተሰማው ጸጥ ማለትን ብቻ ባልተማሩ ወጣቶች አፍ ነበር። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ብሂልም የአበው ነው።

ከጃፓን ምን ይወሰዳል?

ግብፅ ይህን ጥያቄ በተግባር ሞክራዋለች። እ.አ.አ በ2016 ከጃፓን ጋር የትምህርት አጋርነት ተፈራርማ በ2018 የግብፅ ጃፓን ትምህርት ቤቶችን ከፈተች። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች ክፍላቸውን ያጸዳሉ፤ በተራ ይመራሉ፤ በክፍል ስብሰባ ይወያያሉ። መጀመሪያ ላይ «ልጄን የላክሁት ሊማር እንጂ ሊጠርግ አይደለም» የሚል ቅሬታ ከወላጆች ተሰምቶ ነበር። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ስሜት ሊነሣ ይችላል፤ ምክንያቱም በብዙ ትምህርት ቤቶች ጽዳት የረፈደበት ወይም ያጠፋ ልጅ ቅጣት ሆኖ ኖሯል። መጥረጊያ የቅጣት መሣሪያ እስከሆነ ድረስ ጽዳት ውርደት ይሆናል። ሁሉም በተራ ሲይዘው፣ መምህሩም አብሮ ጎንበስ ሲል ግን ትርጉሙ ይለወጣል።

አዲስ አበባ መነሻ የሚሆን ነገር አላት። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምገባ ያቀርባል። የደንብ ልብሱ የድኻውንና የሀብታሙን ልጅ ልዩነት ይሸፍናል፤ ምገባው የተራበ ልጅ እንዳይተኛ ያደርጋል። ምግቡን በእናቶች መዘጋጀቱ እንዳለ ሆኖ፣ ማደሉንና ሳህን መሰብሰቡን ተማሪዎች በተራ ቢሠሩት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የውኃ አቅርቦትና የእጅ መታጠቢያ ግን ቀድሞ መሟላት አለበት፤ ውኃ በሌለበት ልጅን መጸዳጃ ቤት እንዲያጸዳ ማዘዝ ሥርዓት ሳይሆን ለበሽታ ማጋለጥ ነው።

ወላጅም ድርሻ አለው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ከክፍያና ከአጥር ግንባታ ጎን ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይቻላል። የትምህርት ቤቱ ደንብ በጽሑፍ አለ ወይ? የእያንዳንዱ ደንብ ምክንያት ለልጁ ተነግሮታል ወይ? ደንብ የጣሰ ልጅ ያለ ድብደባ ምን ይደረጋል? ከሩቅ የሚመጣ የአርሶ አደር ልጅ ላም አልቦና ውኃ ቀድቶ ስለሚመጣ ሊያረፍድ ይችላል። ከበር የተመለሰው ልጅ የሚማረው ሰዓት ማክበርን ሳይሆን ትምህርት ቤቱ እንደማይፈልገው ነው። ምክንያቱን ጠይቆ የቀረበትን እንዲያካክስ ማድረግ ደንቡንም ልጁንም ያቆያል።

ጃፓን የፀጉር ደንቧን ማላላት የጀመረችው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከተሰለፈች በኋላ፣ በፍርድ ቤት ክርክርና በብዙ ልጆች ዕንባ ነው። ኢትዮጵያ ያንን ዋጋ ደግማ መክፈል አይጠበቅባትም። ተራውን፣ መጥረጊያውንና የጋራ ማዕዱን መውሰድ፣ መዶሻውን ደግሞ እዚያው መተው ትችላለች። ይህም አዲስ ሕንፃ ወይም የውጭ ባለሙያ ሳይጠብቅ፣ በሚቀጥለው ሰኞ የአንድ ክፍል መምህርና ተማሪዎች የጽዳትና የመሪነት ተራቸውን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።